ላጲስና የከንቲባው ሳል

ግራ እጇ ገጹን ወጥሮ ይይዛል፤ ቀኝ እጇ ላጲሱን ከመሀል ወደ ዳር ይገፋል። ወደ ኋላ አትመልሰውም፣ ወረቀት ያጨማድዳል ትላለች። ሦስት ጊዜ ትገፋና ፍርፋሪውን በትንሿ ጣቷ ጠርጋ ቀሚሷ ላይ ታወርደዋለች። እፍ አትልም፤ ከትንፋሽ ጋር ምራቅ ይወጣል፣ ምራቅ ደግሞ የኖታ ጠላት ነው። ከወንበሯ ስትነሳ ጭኗ ላይ የተከማቸው ጥቁር ፍርፋሪ ጉንዳን የሠፈረባት ያስመስላታል።

በሙዚቃ አዳራሹ ምድር ቤት፣ በኖታ ክፍሉ ውስጥ፣ ይህን ስትሠራ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗት ነበር። ሙዚቀኞች ኖታቸው ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ፦ እዚህ ተንፍስ፣ እዚህ ቀስ በል፣ እዚህ ጠብቅ። አስቸጋሪ ቦታ ሲመጣ መነጽር ይስላሉ፤ ሁለት ክብ በአንድ ጭረት የተያያዘ። ዓይንህን ክፈት ማለት ነው። ኮንሰርቱ ሲያልቅ ኖታው ሁሉ ወደ እሷ ይመለሳል፣ እሷም ያንን ሁሉ ትደመስሰዋለች። ቁምሳጥኑ ውስጥ የሚገባ ኖታ እንደ አዲስ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚገባው። ለዚህ ነው ትልቁም ትንሹም ላጲስ የሚላት። እናቷ ያወጣችላትን ስም ከመታወቂያዋ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም።

እኔ ፊት ለፊቷ ባለው ልብስ ክፍል ውስጥ ለመድረክ የሚለበሰውን እሰፋና እተኩስ ነበር። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ፣ የልጅ ልጄ የጻፈችልኝን ደብዳቤ ለሌላ ሰው አላስነብብም ባልኩ ጊዜ። በተበላሸ የኖታ ወረቀት ላይ፣ በአምስቱ መስመሮች መካከል፣ ሀ ሁን ደርድራ ጻፈችልኝ። እስከ ዛሬ ባዶ ወረቀት ላይ ስጽፍ ፊደሎቼ የሚይዙት አጥተው ይወዛወዛሉ።

ተጠራጣሪ ናት። ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ የቀረው አይገባችሁም። ቁምሳጥኑን ቆልፋ ደረጃውን ከወጣች በኋላ ተመልሳ እጀታውን ትነቀንቃለች። አንድ ሰው "ዛሬ አምሮብሻል" ካላት፣ እስኪሄድ ጠብቃ "ምን ፈልጎ ነው?" ትለኛለች። ልጇ ያገባችውን ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ "ያ ሰውዬ" ስትለው ኖራ፣ ልጅ የወለደ ዕለት "የልጅቱ አባት" አለችው። ከዚያ በላይ ሹመት አልሰጠችውም። በዚህ ዓለም የምታምነው አንድ ነገር ቢኖር ቁምሳጥኗን ነው። ከዚያ የሚወጣ የኖታ ማህደር ገጹ መሙላቱን ትቆጥራለች እንጂ ውስጡን አታይም። ምን ታያለች? ሳይደመሰስ የገባ የለማ።

ጡረታዋ ሊደርስ አራት ወር ሲቀረው ለኦርኬስትራው አዲስ መሪ መጣ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲራመድ እርምጃውን የሚቆጥር የሚመስል ሰው ነው። ቁምሳጥኑን ሲያገላብጥ ከታችኛው መደርደሪያ በገመድ የታሰረ ሳጥን አገኘና፣ ዘንድሮ ይህንን ነው የምንሠራው አለ። በሳጥኑ ውስጥ የነበረው ሹመኛን የሚሸረድድ የሙዚቃ ቲያትር ነው። አንድ ከንቲባ፣ እሱ ከእንቅልፉ ካልተነሳ ቀኑ እንዳይነጋ ያዝዛል። የከተማው ሰዓቶች ይቆማሉ፤ ሙሽሮች እንደተዋቡ ደጅ ላይ ያንቀላፋሉ፤ ሰዓት ሠሪው አንድ ሰዓት በራሱ ጊዜ ስለ ጮኸበት ይታሰራል። ሕዝቡም ይዘምራል፦

ዶሮ ቢጮህ፣ ፀሐይ ብትወጣ፣
አልነጋም ገና፣ ከንቲባው ሳይመጣ።

ሙሉ ቲያትር አልነበረም፤ ግማሽ ቲያትር ይሉታል። ኦርኬስትራው ራሱ መድረኩን ሞልቶ ይቀመጣል። ዘፋኞቹ ከፊት በቀረችው ጠባብ ቦታ ማህደራቸውን ይዘው ቆመው እያነበቡ ይዘፍናሉ፣ እያነበቡ ትንሽ ትንሽ ይተውናሉ። ቤት የለ፣ መጋረጃ የለ፤ አልጋ ነው የተባለ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ትልቅ ሰዓት ብቻ። ልብሱም ግማሽ ነው። ከንቲባውን ከወገብ በላይ ነው የሰፋሁት፤ ኮት፣ ክራባት፣ መስተዋት የሌለው መነጽር። ከወገብ በታች የራሱን ሱሪ ለብሶ ነበር።

ልምምዱ ሦስት ብቻ ስለሆነ እንዲህ ባለ ሥራ ዘፋኙ የሚያምነው ማህደሩን ነው። ተቀመጥ የሚል ከተጻፈበት ይቀመጣል። ማን ጻፈው ብሎ አይጠይቅም፤ መሪው ይሆናል።

በሁለተኛው ልምምድ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ሊያይ መጥቶ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ከንቲባውን የሚጫወተው ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ጎርናናው የምንለው ወጣት ነው። ዓመታት ከመዘምራኑ ኋላ ቆሞ ሲያጅብ ኖሮ ያገኘው የመጀመሪያው ዋና ቦታ ነበር። በመጀመሪያው ልምምድ ያልተደረሰበት፣ ከንቲባው ከእንቅልፉ የሚነሳበት ቦታ ደረሰ። ሙዚቃው ቆመ። ጎርናናው ማህደሩን አየ። ሦስት ጊዜ ሳለ። መነጽሩን አወለቀ። የክራባቱን ጫፍ ይዞ ቀኙን ሁለቴ፣ ግራውን አንዴ ወለወለ። መነጽሩን መልሶ ሰዓቱን አየና "ደርሻለሁ፣ ጀምሩ" አለ።

መጀመሪያ ክላርኔት ነፊው ሳቁን በአፍንጫው አፈነዳው። ከዚያ ኦርኬስትራው በሙሉ ተንጫጫ፤ ከበሮ መቺው ዱላው ወድቆበት ለማንሳት ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ያንን ሳልና ያንን ክራባት ሁላችንም በየሰኞው ስብሰባ እናውቀዋለን። ሥራ አስኪያጁ ሁልጊዜ አርፍዶ ይመጣል፣ ሦስት ጊዜ ይስላል፣ መነጽሩን በክራባቱ ይወለውላል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ደርሻለሁ ጀምሩ ይላል።

ሥራ አስኪያጁ ከመቀመጫው ተነሳ። ሊናገር ፈልጎ ሦስት ጊዜ ሳለ። እጁ ወደ መነጽሩ ሲሄድ ሳቁ እጥፍ ሆነ። አዳራሹን ጥሎ ወጣ።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በዚያ ቤት ሰው ሰውን በጎን ማየት ያዘ። መሪው እኔ አይደለሁም አለ፣ ይህን ሰውዬ ለመሸርደድ ገና አልተዋወቅንም አለ። ሁሉም ክላርኔት ነፊውን አየ፣ ቀድሞ የሳቀ የሚያውቅ ነው ብሎ። ክላርኔት ነፊው ደግሞ ያልሳቁትን እዩ አለ። ጎርናናው ቢሮ ተጠርቶ ሲወጣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር። ማህደሩ ላይ ያለውን ነው ያደረግሁት ብሏል። ማህደሩን ማን ሰጠህ ተብሎ ተጠይቋል። መልሱ አንድ ብቻ ነው።

ላጲስ ከመጠራቷ በፊት ቀሚሷን አራገፈች። ስትመለስ በሩን ዘግታ ያለችኝ ይህ ነው፦ እስከ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት የጻፈውን ሰው ታመጣለች፣ ወይ ቁልፉን ታስረክባለች። ጥፋት ተመዝግቦባት ነው የምትወጣው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችበትን ክፍል፣ አራት ወር ሲቀራት፣ ሰው ማህደር ላይ ስድብ የምትጽፍ ተብላ። ማህደሩንም ራሷ ይዛ፣ ማንም ሳይነካው፣ ሳይደመሰስ ለእሱ ብቻ ታቀርባለች።

"ለእኔ ብቻ አለ" አለችኝ። "ለምን ለእሱ ብቻ?"

"ስድቡ የእሱ ነዋ" አልኳት።

"እንጃ" አለች።

ዓርብ ጠዋት ማህደሩን መብራት ሥር ዘርግታ ጠራችኝ። ገጽ ሠላሳ ስምንት ላይ፣ ሙዚቃው በቆመበት ባዶ ቦታ፣ በወፍራም እርሳስ፦ ሦስት ሳል። መነጽር፣ በክራባት፣ ቀኝ ሁለቴ ግራ አንዴ። ሰዓት እይ። ደርሻለሁ ጀምሩ። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ አንዱ ጎናቸው ወፍራም ሌላው ቀጭን። እኔ ፊደሎቹን ሳይ እሷ ፊቴን ታያለች።

"አንቺ ነሽ እንዴ?" አለችኝ።

ተኩሼ የጨረስኩት ሸሚዝ ክንዴ ላይ እንዳለ ቆምኩ። ፊደል ያስቆጠረችኝ ሰው፣ የልጅ ልጄን ደብዳቤ ስደናቆር ትከሻዬን ይዛ ያስነበበችኝ ሰው ናት የጠየቀችኝ።

"እንዲህ ያለ ትልልቅ ፊደል ዘግይቶ የተማረ ሰው ነው የሚጽፈው" አለች፤ ዓይኗን ግን ሰበረች።

"የእኔ ፊደል ይወዛወዛል፣ አንቺ ታውቂዋለሽ" አልኳት። "ይሄ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለመሆኑ እኔ ብጽፍ ሰውዬው ክራባቱን የት የት እንደሚያቆሽሸው ትቼ ነው ስለ ሳሉ የምጽፈው?"

ደጋግማ አየችው። እውነትሽን ነው አለች። ይቅርታ አላለችም፤ ወንበሯን ለቃ አስቀመጠችኝና እሷ ቆመች። በእሷ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጎርናናው ወረደ። በሩ ላይ ቆሞ ማህደሩን በሩቁ አየ፣ የሚነክስ ነገር ይመስል።

"እትዬ ላጲስ፣ በእናቴ እኔ አልጻፍኩም።"

"በእናትህ አትማልብኝ፣ እናትህን አላውቃትም።"

"እንግዲያው በምን ልማል?"

"እርሳስህን አምጣ" አለችው። አወጣ። ቀጭን ነው፣ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ። ወረቀት ላይ ሦስት ሳል ብለህ ጻፍ አለችው። ጻፈ፤ ፊደሉ እንደ ምስር የደቀቀ ነበር። ይህንን ማንበብ የሚችል ጉንዳን ብቻ ነው ብላ መለሰችለት። ልጁ ግን አልሳቀም። እሑድ ኮንሰርቱ ላይ ሌላ ሰው በእኔ ቦታ ይቆማል ይላሉ አለና፣ ኮቱን እንዳትፈቺው ብሎኝ ወጣ።

ከዚያ ያደረገችውን አልረሳውም። በገጹ ጥግ ከጽሑፉ ራቅ ብላ አንዲት ጭረት ነበረች፣ በዚያው እርሳስ የተጫረች፣ ሰው እርሳሱን ሲሞክር እንደሚጭራት ያለች። ሳይደመሰስ ተብያለሁ፣ ይቺ ጽሑፍ አይደለችም አለችና ላጲሷን አወጣች። ከመሀል ወደ ዳር አንድ ጊዜ ገፋች። ቆመች። ፍርፋሪውን በጣቷ አንስታ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ጥቁር መሆን ነበረበት፤ አመድ መስሏል። ጭረቷም አልጠፋችም፣ እንደ ዓሣ ሆድ አብረቀረቀች እንጂ።

"ይሄ የዘንድሮ እርሳስ አይደለም" አለች።

አዲስ እርሳስ ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ ነው ያለው፣ ላጲስ ሲነካው ይነሳል። ገጽ በገጽ ላይ ተጭኖት ብዙ ዓመት የቆየ ግን ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን በጣቶቿ ነው የምታውቀው። እርሳሱ ደግሞ የሙዚቀኛ አልነበረም፤ ጠፍጣፋ፣ አናጺዎች እንጨት የሚያሰምሩበት ዓይነት ነው። ለዚህ ነው ፊደሉ አንዱ ጎኑ ወፍራም ሌላው ቀጭን የሆነው።

ማህደሩን ገልብጣ የኋላ ሽፋኑን ከፈተች። እዚያ የውሰት ካርድ አለ፤ ማህደር የሚወስድ ሰው ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርምበታል። የዘንድሮውን ካርድ ራሷ ነበረች የለጠፈችው፣ በጎርናናው ስም። በጣቷ ደባበሰችው። ከሥሩ ሌላ አለ አለችኝ፤ አዲሱን ስትለጥፍ የድሮውን ሳታነብ ነበር የሸፈነችው። ብትልጠው ሁለቱም ይቀደዳሉ። ካውያሽን አምጪ አለችኝ።

እርጥብ ጨርቅ አድርጌ ካውያውን በላዩ አንሳፈፍኩ፤ እንፋሎቱ ሙጫውን አላላው። እሷ በቢላዋ ጫፍ ቀስ እያለች አነሳችው። በሕይወቴ ብዙ ስስ ልብስ ተኩሻለሁ፣ እንደዚያ ወረቀት ያስፈራኝ ግን የለም። ከሥሩ የወጣው ካርድ ላይ አንድ ስም፣ አንድ ፊርማ፣ ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት የነበረ ቀን። ስሙን እኔም አነበብኩት። በቢሮው በር ላይ በናስ ተጽፎ በየቀኑ የምናልፈው ስም ነው። የሥራ አስኪያጁ።

ላጲስ ቢላዋውን አስቀመጠች። ከዚያ እኔ ወደዚህ ቤት ከመምጣቴ በፊት የሆነውን ነገረችኝ። ሁለተኛ ዓመቷ ነበር፤ የኖታ ክፍሉ አለቃ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ እሷ የተቀደደ ገጽ ትለጥፍ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ያኔ ቀጭን ዘፋኝ ነው፤ ቀን ቀን መድረክ የሚሠሩት አናጺዎች ዘንድ ይሠራል፣ ከጆሮው ጀርባ ጠፍጣፋ እርሳስ አይጠፋም። ይህንኑ ቲያትር ሊሠሩ ተዘጋጁ። ለኦርኬስትራው ኖታ ገና ሳይታደል፣ ዘፋኞቹ ብቻ በፒያኖ ሲለማመዱ፣ አንድ ቀን የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ መጥተው አዩ። በማግሥቱ ጣሪያው ያፈሳል ተብሎ ሁሉም ነገር ተሰረዘ። በዚያ ወር አንድ ጠብታ ዝናብ አልዘነበም።

"ሳሉ የማን እንደነበረ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። "የእሳቸው። የድሮው ሥራ አስኪያጅ። መነጽሩም፣ ክራባቱም የእሳቸው ነው። ይሄኛው እሳቸውን ሲሸረድድ ነበር።"

አለቃዋ ሳጥኑን በገመድ ሲያስሩ ማህደሮቹን ልደምስስ ብላ ጠይቃ ነበር። ኮንሰርቱ ያልወጣ ኖታ አይደመሰስም፣ ሥራው አላለቀማ ብለው ከለከሏት። በዚያ ቁምሳጥን ሳይደመሰስ የገባ ሳጥን ያ ብቻ ነው። ረስታው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሰውን ሁሉ ተጠራጥራ፣ ያመነችው ቁምሳጥን ጉድ ሠራት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ስንከራከር ዋልን። እሱ ያውቃል አለች። ያውቃል፣ ለዚህ ነው ለእኔ ብቻ ያምጡ ያለው፤ ይወስድና ያቃጥለዋል፣ እኔንም ከኋላው ያባርረኛል። እኔ አያውቅም አልኩ፤ ሰው የራሱን ሳል አይሰማም፣ ከማን እንደወረሰው ረስቶታል። እንዳልሽው ከሆነ ይብሳል አለች፤ ሳያውቅ ከኖረ እኔ ነኝ የማሳየው። ደምስሺው አልኳት። ብደመስሰው ሌባዋ እኔ ነኝ ማለት ነው አለችኝ። ስትሄድ ቁምሳጥኑን ቆልፋ ተመልሳ ነቀነቀችው፣ ግን እንደ ድሮው አልነበረም፤ የከዳ ጓደኛ እጅ እንደመጨበጥ ነበር።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ማህደሩን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ቢሮው ወጣች። እኔም የሥራ አስኪያጁን ኮት ተኩሼ ጨርሻለሁ ብዬ ተከተልኳት። ኮቱ ከረቡዕ ጀምሮ ተተኩሶ ነበር።

ማህደሩን ገጽ ሠላሳ ስምንት ላይ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከጎኑ የድሮውን ካርድ። ከካርዱ ጎን ላጲሷን። በመጨረሻ የቁምሳጥኑን ቁልፍ።  እሱ በመጀመሪያ ቁልፉን አየ፣ የረታ መስሎት ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። ከዚያ ካርዱን አነበበ። አውራ ጣቱን ጽሑፉ ላይ አሳረፈና አላነሳውም።

ሳለ። አንዴ ብቻ ነው፣ ሁለተኛውን ዋጠው። እጁ ወደ መነጽሩ ተነሳና፣ ለማንኳኳት ሄዶ የሌላ ሰው ቤት መሆኑን እንዳየ እጅ አየር ላይ ቀረ። ኮቱን እንደያዝኩ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ አላወቀም ነበር ብዬ አመንኩ። ላጲስ እስከ ዛሬ አታምንም።

"ማን አየው?" አለ።

"እኔና እሷ።"

"እኔ እኮ ሽማግሌውን ልቀልድባቸው ነበር" አለ፤ ድምፁ ቢሮ ውስጥ የምናውቀው አልነበረም። "መቼ ነው ወደ እኔ የገባው?"

"እሱን የኖታ ክፍል አያውቅም" አለችው።

ላጲሱን በጣቱ ወደ እሷ ገፋው። "ደምስሺው" አላት። ከተሾመ ጀምሮ አምስት ዓመት እርስዎ ሲላት የኖረው ሰው፣ ያኔ የተቀደደ ገጽ ስትለጥፍ እንደሚጠራት አንቺ አላት።

"ኮንሰርቱ ሳይወጣ አይደመሰስም" አለችው። "የዚህ ቤት ደንብ ነው። ካልሆነ ቁልፉ ይኸው። ልጁን ግን አይንኩት፤ የእርስዎን ጽሑፍ አምኖ ነው የሳለው።"

መስኮቱን አየ፣ ካርዱን አየ። እኔ የኮቱን ትከሻ በጣቴ እየጨመደድኩ እንደነበር በኋላ ነው ያየሁት፤ እንደገና ተኮስኩት። ከዚያ ቁልፉን አንስቶ ወደ እሷ መለሰላት። ልጁ እንደተለማመደው ያድርገው፣ ነገሩ ተዘግቷል አለ። ሰው እዚህ ላይ አመስግኖ ይወጣል። እሷ አልወጣችም።

"ይጻፉልኝ" አለችው።

"ምኑን?"

"አሁን ያሉትን።" ከኪሷ እርሳስ አውጥታ፣ ባዶ የውሰት ካርድ ገልብጣ ሰጠችው። ጽፎ ፈረመ። ካርዱን ወደ መብራት አድርጋ አንብባ ኪሷ ከተተችው። ፈገግ ሲል አየሁት መሰለኝ። እሷ ያንንም አልወደደችውም።

እሑድ አሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ላጲስ በሠላሳ አንድ ዓመት ኮንሰርት ከመድረክ ጎን ቆማ ስታይ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። ለሙዚቃው አልነበረም፤ የተጻፈላት ቃል መከበሩን ለማየት ነው። ኦርኬስትራው መድረኩን ሞልቶ፣ ዘፋኞቹ በግማሽ ልብሳቸው ማህደር በማህደር ሆነው ቆሙ። አልነጋም ገና የሚለውን ሕዝቡ በሁለተኛው ዙር አብሮ ማለት ጀመረ። ጎርናናው ከአግዳሚው ላይ ሲነሳ ሙዚቃው ቆመ። ማህደሩን አየ። በጎን ሦስተኛውን ረድፍ አየ። ሙዚቀኞቹ በሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ኖታቸው ላይ ተተክለው ነበር።

ሳለ። ሦስት ጊዜ። ክራባቱን ያዘ።

ሥራ አስኪያጁን የሚያውቅ ከአዳራሹ ሩቡ አይሆንም፤ የሳቀው ግን አዳራሹ በሙሉ ነው። ሰው ሁሉ የየራሱን አለቃ ነበር ያየው መሰለኝ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት እጁን ጭኑ ሥር ቀብሮ ተቀምጧል። ሌላው ስቆ ሲጨርስ እሱ ብቻውን ሳቀ፣ ከልቡ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ።

"እንዳይጠረጥሩት ነው" አለችኝ ላጲስ በጆሮዬ።

"እስቲ ሰውዬውን ተይው" አልኳት።

ሰኞ ማህደሮቹ ተመለሱላት። ከጠዋት እስከ ማታ ስትደመስስ ዋለች፤ የክላርኔት ነፊውን መነጽሮች፣ የጎርናናውን ምስር የሚያካክሉ ፊደሎች። ልንሄድ ስንል የከንቲባውን ሳጥን በገመድ አስራ ጨርሳ ነበር። ገጽ ሠላሳ ስምንትን ደመሰስሽው ወይ አልኳት። ደንብ ደንብ ነው፣ ኮንሰርቱ ወጣ አይደል አለችኝ። ቀሚሷን አየሁ፤ ጥቁር ፍርፋሪ ሞልቶታል፣ አመድ የመሰለ ግን አንድም አልነበረም። ምን ታያለሽ አለችኝ። ምንም አልኩ። ከእሷ ጋር ብዙ ስቀመጥ መጠራጠር ለምጄ ይሆናል።

ከአራት ወር በኋላ ቁልፉን በሙሉ ክብሯ አስረክባ ወጣች። ሥራ አስኪያጁም ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ሄዷል፤ አሁንም ይስል እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም። እሷ አሁን የልጅቱ አባት ቤት አጠገብ ተከራይታ ትኖራለች፣ አልፎ አልፎ ምሳ ሲጋብዛት ምን ፈልጎ ነው ትለኛለች።

ሳጥኑ አሁንም ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አለ፤ ኖታ ስለሚዋዋሱ ወደ ሌላ አዳራሽም ይሄድ ይሆናል። እንግዲህ ከእናንተ አንዱ ዘፋኝ ሆኖ፣ ወይ ለዘፋኝ ማህደር የሚያቀብል ሆኖ ያ የከንቲባው ማህደር እጁ ከገባ፣ አንድ ነገር እለምናለሁ። ገጽ ሠላሳ ስምንት ላይ ጽሑፉ ካለ አንብባችሁ እለፉት። ከሌለም፣ እንደዚያ ተጭኖ የተጻፈ እርሳስ ቢደመሰስ እንኳ ወረቀቱ ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ይተዋልና፣ እርሳስ አጋድማችሁ እያጠቆራችሁ አታውጡት። ላጲስ ደምስሳው እንደሆነ እኔም ማወቅ አልፈልግም። ገጹን ግለጡት፣ ዝፈኑ፣ ስትመልሱት ገመዱን እሷ ባሰረችበት አኳኋን እሰሩልኝ።